የእሑድ ብራንች፦ የእናቴን ማንቆርቆሪያ ሬስቶራንት ግድግዳ ላይ ያገኘሁበት ቀን

እሑድ ጠዋት ነው። ልጆቹ ከእናንተ ቀድመው ተነስተው ቴሌቪዥኑን ከፍተዋል። ቁርስ ለመሥራት ማንም ወኔ የለውም፤ ለምሳ ደግሞ ገና ነው። በዚህ መሐል ከቤተሰቡ አንዱ «ዛሬ ለምን ውጭ አንበላም?» ይላል። በብዙዎቻችን ቤት የእሑድ ብራንች የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ባለፈው ሰሞን በእኛ ቤት ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ምክንያትም ነበረኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ካስተማረችበት ሙያ በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ምን ስጦታ እንደምሰጣት ግራ ገባኝ። ወርቅ ልግዛልሽ ስላት «ለብሼ የት ልሄድበት ነው?» አለች። የሐበሻ ቀሚስ እንዳልገዛላት ቁም ሳጥኗ ሙሉ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ፎቶውን የሚለጥፈው፣ ጓደኞቼ ደጋግመው ያወሩልኝ አዲስ የብራንች ቤት ልወስዳት ወሰንኩና ለአምስት ሰው ጠረጴዛ አስያዝኩ፦ ለእናቴ፣ ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለስምንት ዓመቷ ልጃችንና ለአራት ዓመቱ ወንድሟ።

የቤቱን ስም አልጠቅስላችሁም። የማጫውታችሁ ስለ ቤቱ ጥሩነት ወይም መጥፎነት ሳይሆን፣ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ በእኛ ቤተሰብ መካከል ስለሆነው ነገር ነው። ምናልባት በእናንተም ቤት የሆነ ወይም ሊሆን የሚችል ነገር ነው።

ቃሉ አዲስ፣ ሰዓቱ የቆየ

ብራንች የሚለው ቃል የእንግሊዝኛዎቹ የቁርስና የምሳ ስሞች ተዳቅለው የተፈጠረ ነው። ቃሉን በጽሑፍ ካስተዋወቁት አንዱ ጋይ ቤሪንገር የሚባል እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሲሆን ዘመኑም 1895 እ.ኤ.አ. ነበር። ሰውየው የተከራከረው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሚቀርበው ከባድ የእሑድ ምሳ ይልቅ፣ ከቁርስ ዘግየት ከምሳ ቀደም ያለ፣ ቀለል ብሎ ጨዋታ የሚበዛበት ማዕድ ይሻላል ብሎ ነው።

ይህን ስታነቡ ፈገግ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። የእኛ እናቶች ከምሽት ጀምሮ ምንም ሳይቀምሱ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ጠበል ጠጥተው፣ አራት ሰዓት ገደማ ቤት ሲደርሱ የሚቀርበው ማዕድ ምን ሊባል ነው? ቁርስ እንዳንለው ረፍዷል፤ ምሳ እንዳንለው ገና ነው። ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ወሬው ይደራል። ስሙን አላወጣንለትም እንጂ ሰዓቱን ቀድመን እናውቀዋለን።

በአዲስ አበባ ብራንች የሚለው ስም መጀመሪያ የተለመደው በትልልቅ ሆቴሎች የእሑድ ቡፌ ነው። በ1990 ዓ.ም. የተከፈተው ሸራተን አዲስ ለብዙዎች የዚህ ልማድ ምልክት ሆኖ ቆይቷል። አሁን ግን ነገሩ ከሆቴል ወጥቶ ወደ ሰፈር ገብቷል። አሮጌ ቪላ ቤቶች እየታደሱ፣ አንድ ጭብጥ እየተሰጣቸው፣ ግድግዳቸው፣ ወንበራቸው፣ የአስተናጋጆቻቸው ልብስና የሳህኑ ቅርጽ ሳይቀር ያንን ጭብጥ እንዲናገር ተደርጎ ይከፈታሉ።

እኛ የሄድንበት ቤት ጭብጥ «የድሮ አዲስ አበባ ሳሎን» ነበር።

«ይሄማ የእኛ ቤት ነው»

እናቴን ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተቀብለናት ሬስቶራንቱ ስንደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ዶቃ መጋረጃ አለ። ገባ ሲሉ ሰፊ ሳሎን፤ ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች፤ ጥግ ላይ የእንጨት ሳጥን የመሰለ የድሮ ፊሊፕስ ሬዲዮ፤ ከሬዲዮው በላይ በተርታ የተሰቀሉ ማንቆርቆሪያዎችና አበባ የተሣለባቸው የብረት ሳህኖች። ልጄ «ዋው!» ብላ ስልኬን ጠየቀችኝ። እኔም ቤቱን በመምረጤ ኩራት ተሰማኝ።

እናቴ ግን መጋረጃውን አልፋ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ቆመች። ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና ነጠላዋን አስተካክላ «ይሄማ የእኛ ቤት ነው» አለች። ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች። ዓይኗ ግን ከአንድ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ላይ አልነቀል አለ። እጀታው አጠገብ ቀለሙ ተፋፍቆ ጥቁር ብረቱ ይታያል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ከተወለድኩበት ግቢ ወደ ጀሞ ስንዛወር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ቤቱ ጠባብ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር አዲስ እንዲሆን ፈለግሁ። እናቴ ትምህርት ቤት በዋለችበት ቀን «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፈውን ልጅ ጠርቼ አሮጌ ያልኩትን ሁሉ አወጣሁለት። ማንቆርቆሪያው፣ አበባ ያለባቸው ሳህኖች፣ የአባቴ ሬዲዮ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሬዲዮውም መናገር ካቆመ ቆይቷል። ቆራሌው የሰጠኝ ብር ስንት እንደነበር አላስታውስም፤ የታክሲ የሚሆን ነበር። እናቴ ስትመለስ ባዶውን መደርደሪያ አይታ «ጥሩ፤ ቤቱ ሰፋ» አለች እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሜኑውን የምናነብበት ዓይን

ተቀመጥን። መቀመጫው እንደ ጭብጡ ዝቅ ያለ በርጩማ ነው። ለፎቶ ያምራል። እናቴ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አለችና «በርጩማ የሚናፍቀው ጉልበቱን ያላመመው ነው» አለች። ባለቤቴ ተነስቶ አስተናጋጁን መደገፊያ ያለው ወንበር ጠየቀልኝ። ከጓሮ ፈልገው አመጡላት።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ሜኑውን ስከፍት ከሆዴ ዓይኔ ቀደመ። እናንተም ብታውቁት አይከፋም። ከቁጥሩ አጠገብ «ብር» የሚል ቃል ካላያችሁ አልተረሳም፤ ስለ ገንዘብ እንዳታስቡ ነው። ከገጹ አናት ላይ በጣም ውድ የሆነ የጋራ ትሪ ከተቀመጠ ብዙ ሰው ያዘዋል ተብሎ ላይሆን ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ዋጋ ርካሽ እንዲመስላችሁ ነው። ስልክ ወጥቶ ፎቶ የሚነሳበት ያማረ ጥግ ካለ፣ ያ ጥግ የቤቱ ማስታወቂያ ነው፤ የምናስተዋውቅለት እኛ ነን፤ ያውም ከፍለን። ይህ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። ንግድ ነው፤ እኔም በመሥሪያ ቤቴ የምሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ግን የምትከፍሉት ለምግቡ ብቻ ሳይሆን ለስሜቱም መሆኑን አውቃችሁ ብትከፍሉ ይሻላል።

ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ አቮካዶ ቶስት፣ ለልጆቹ ፓንኬክ፣ ለሁላችንም ስፕሪስ አዘዝን። ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ምግቡ ለመምጣት 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ሲመጣ ግን በእርግጥ ዓይን ይሞላ ነበር፤ ጨጨብሳው አበባ ባለበት የብረት ሳህን፣ ማሩ በትንሽ ቅል።

እናቴ እጇን ታጥባ ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ እኔ «ቆይ ቆይ እማዬ! ፎቶ ላንሳ» አልኩ።

እጇን መለሰች። ከትናንት ምሽት ጀምሮ እህል ያልቀመሰች ሴት፣ በስሟ በተዘጋጀ ማዕድ ላይ እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችና ፈገግ ብላ ጠበቀች። ከላይ አነሳሁ፣ ከጎን አነሳሁ፣ ልጄን «ማንኪያውን ያዥ» ብዬ አነሳሁ። በመጨረሻ ስልኬን ሳስቀምጥ ባለቤቴ ቀስ ብሎ «ምግቡ በረደ» አለኝ። ያን ዕለት ያነሳኋት የእናቴ ፎቶ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ሳህኑ በጣም ያምራል። እሷ ግን እጇን ሰብስባ እንግዳ ቤት የመጣች ትመስላለች። ለጥፌው አላውቅም።

በድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ

ነገሩን ያዳነው ትንሹ ልጄ ነው። ሬዲዮውን እየጠቆመ «አያቴ፣ ያ ሳጥን ምንድነው?» አላት።

«ሬዲዮ ነው የኔ ጌታ። አያትህ ልክ እንደዚህ ዓይነት ነበረው።»

«ቻርጅ የሚደረገው በምንድነው?»

«በድንጋይ» አለችው።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «በድንጋይ? የመንገድ ድንጋይ?» እናቴም ስቃ የባትሪ ድንጋይ ምን እንደሆነ፣ ሲደክም ዕድሜው እንዲረዝም ፀሐይ ላይ ይሰጣ እንደነበር፣ ማታ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር አባቴ እጁን አንስቶ ቤቱን ሁሉ ፀጥ ያሰኝ እንደነበር ነገረቻቸው። እኔ እንኳ ያልሰማሁት ነበር፤ ከጋብቻቸው በፊት አባቴ ያንን ሬዲዮ በዕቁብ ብር ገዝቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት አብረው ከእሷ ቤተሰቦች ጋር ተቀምጠው እንደነበር ተናገረች። ልጄ ፓንኬኳን ረስታ ታዳምጥ ነበር። እናቴ እየተረከች ለልጆቹ ተራ በተራ ከጨጨብሳው ታጎርሳለች። ለራሷም ቀመሰችና «ኮሰረቱ አንሷል እንጂ ቅቤው ጥሩ ነው» ብላ ፈረደች።

አስተናጋጁ መጥቶ «እማማ፣ ምን ልጨምርልዎ?» አላት።

«ምንም የኔ ልጅ፣ ተባረክ። ግን ይሄን ማንቆርቆሪያ ከየት አመጣችሁት?»

«ከመርካቶ ነው እማማ፤ ከምናለሽ ተራ። ቆራሌዎች የሚሰበስቡትን እየመረጡ ይገዙታል።»

እናቴ «ይሁን፤ ጥሩ ቦታ ገብቷል» አለች። እኔ የማደርገው ጠፋኝና ማኪያቶዬን ማማሰል ጀመርኩ።

ሂሳቡ ሲመጣ

ስለ ሂሳብ ሳንነጋገር ብራንችን ማውራት አይቻልም። ብዙ ቤቶች ሜኑው ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ዋጋው ቫትና የአገልግሎት ክፍያ እንደማይጨምር ይጽፋሉ። ትርጉሙን በቀላል ቁጥር እንየው። ከሜኑው ላይ የመረጣችሁት ድምር 4,000 ብር ነው እንበል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል 4,400 ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ቫት 660 ብር ነው። የምትከፍሉት 5,060 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ካሰባችሁት ከሩብ በላይ ጨምሯል። ለአስተናጋጁ የምትሰጡት ጉርሻ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት በልባችሁ በየ1,000 ብሩ ላይ 265 ብር ጨምሩበት። ሂሳቡ ሲመጣ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ለመክፈል ይረዳችኋል። እናት አባት ደግሞ የልጃቸው ፊት ሲለወጥ ፈጥኖ ይገባቸዋል፤ «እኔ መች ውጭ ልብላ አልኩ» ማለት የሚጀምሩት ያኔ ነው።

መኪና ውስጥ

ስንመለስ ልጆቹ ከኋላ ተኙ። ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከብዙ ማመንታት በኋላ «እማዬ፣ ያን ጊዜ ዕቃሽን ለቆራሌው የሰጠሁብሽ… አዝነሽብኝ ነበር?» አልኳት።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። መስኮቱን ስታይ ቆየችና «ዕቃው አይደለም ልጄ። ዕቃማ ያረጃል። ሳትጠይቂኝ መስጠትሽ ነው» አለችኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ልጅ ነበርሽ» ብላ እጄን መታ መታ አደረገች። እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የማስበው። ያኔ ሳልጠይቃት ዕቃዋን ሰጠሁ። ዛሬም ሳልጠይቃት ቤት መረጥኩላት፣ ሰዓት መረጥኩላት፣ ምግብ አዘዝኩላት፣ እጇን እንድትመልስ አደረግኋት። ስጦታው የእሷ ነው ብዬ የመረጥኩት ሁሉ ግን ለእኔ የሚያምረውን ነበር።

እናንተስ ከመሄዳችሁ በፊት?

ብራንች ይቅር እያልኳችሁ አይደለም። በተቃራኒው፣ በሥራና በትራንስፖርት ተወጥረን ሳምንቱን ሙሉ ሳንገናኝ ለምንከርም ቤተሰቦች ሁለት ሰዓት አብሮ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከእኔ ስህተት ጥቂት ተማሩ።

አስቀድማችሁ ጠይቁ። የምትጋብዙት ወላጃችሁን ከሆነ «የት ልውሰድሽ?» ከማለት ይልቅ ሁለት ሦስት ምርጫ አቅርቡ፤ አለበለዚያ መልሱ «ያሻሽ ቦታ» ነው። ድሮን ከወደዱ ድሮነቱ ጌጥ ያልሆነባቸው ቤቶችም አሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው እቴጌ ጣይቱ ሆቴልና በ1953 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ቶሞካ ከነዚህ ናቸው።

ስለ ጾም ደውላችሁ አረጋግጡ። የብራንች ሜኑ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ላይ የቆመ ነው። በጾም ወቅት ከሆነ የጾም ምግብ አለ ወይ ብቻ ሳይሆን፣ መጥበሻውና ዘይቱ የተለየ ነው ወይ ብላችሁም ጠይቁ። አንዳንድ እናት ይህን ሳታረጋግጥ አትቀምስም፤ ግን አፍራ አትጠይቅም።

ወንበሩን አትርሱ። ጠረጴዛ ስታስይዙ አዛውንት እንዳለ ተናገሩ፤ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ ደረጃ የሌለው ቦታና ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ ጥግ ጠይቁ። ሙዚቃው ከበረታ ጨዋታው ይሞታል።

ከግርግሩ ቅደሙ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሰው ይመጣል። ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ምግቡም ይፈጥናል። ለትንንሽ ልጆች ሙዝ ወይም ዳቦ ቢጤ አቅምሳችሁ ውጡ፤ የራበው የአራት ዓመት ልጅ ጭብጥ አይገባውም።

ፎቶውን ምግብ ሳይመጣ ጨርሱት። ቤቱን፣ ሰውን፣ ሳቁን አንሱ። ሳህኑ ሲቀርብ ስልክ ወደ ቦርሳ።

ደግሞም የቤቱን ጭብጥ ተጠቀሙበት። ልጆቹን «ይሄ ምንድነው? አያትህን ጠይቃት» በሏቸው። እኔ በዚያ ቤት ከከፈልኩት ሁሉ ዋጋውን የመለሰልኝ በድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ በሚቀጥለው እሑድ እኛ ቤት ቡና ላፍላልሽ፣ አንቺ ቤት እንምጣ ወይስ ውጭ እንውጣ?» አልኳት። ቤት ትላለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሽሮ ዱቄትና በርበሬ መኖሩን ሁሉ አይቼ ነበር።

«ያ ማንቆርቆሪያ ያለበት ቤት እንሂድ» አለችኝ። «ባለፈው ጎረቤታችን የበላችውን ገንፎ አይቼዋለሁ፤ እሱን ልቅመሰው። ግን ወንበሩን ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ስልክሽንም ቤት ትተሽ ነይ።»

ጠረጴዛውን አስይዣለሁ። መደገፊያ ያለው ወንበር ብያለሁ። ስልኩን ግን ባለቤቴ ይያዘው ተባብለናል፤ ለሂሳቡ።